ቤቴ ሚሊዮኖች ያወጣል ይሉኛል፤ ጡረታዬ ግን ያው ነው

ጥያቄው፦ «ጡረተኛ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በ160 ካሬ ላይ የሠራሁት ቤት አለኝ። ግቢው ውስጥ ሦስት ሰርቪስ ቤቶች አከራያለሁ። አራታችንም የምንጠቀመው በአንድ የውሃ ቆጣሪ ነው። አሁን ግብሩ በቤቱ የገበያ ዋጋ ሊሆን ነው ሲባል እሰማለሁ። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ቤቱን በላቤ ነው የሠራሁት፤ ታዲያ በየዓመቱ የምከፍለው ለምንድን ነው? የውሃ ቢሉም እየጨመረ ነው። ደብሊን የምትኖር የእህቴ ልጅ ‹እኛ ጋ ሕዝቡ እምቢ ብሎ ውሃ ነፃ ሆኗል› አለችኝ። በእድራችንም ‹አንክፈል› የሚሉ ተነስተዋል። ምን ይመክሩኛል?»

ከእህትዎ ልጅ ወሬ ልጀምር። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን እድርተኛውን ዕዳ ውስጥ ሊከት ይችላል።

አየርላንድ ውስጥ የመኖሪያ ቤት የውሃ ቢል ቀርቷል፤ ይህ ልክ ነው። ያው ሕዝብ ግን በዚያው ሰሞን የመጣበትን የቤት ግብር እስከ ዛሬ ይከፍላል። የእህትዎ ልጅ ተከራይታ የምትኖር ከሆነ ግብሩን የሚከፍለው አከራይዋ ስለሆነ ላታየው ትችላለች። ስለዚህ ነገሩ «እምቢ አሉ፣ ቀረላቸው» አይደለም። አንዱን እምቢ አሉ፣ ሌላውን ተቀበሉ። ለእርስዎ የሚጠቅመው ይህ ለምን እንደሆነ ማወቁ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአየርላንዱን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አየርላንድ ድሮ የነበራትን የቤት ግብር ያነሳችው ከ1977 ምርጫ በኋላ ነው። በምርጫው ቃል ተገባ፤ ያሸነፈውም ፓርቲ ቃሉን ፈጸመ። ሰው ደስ አለው። የየአካባቢው ምክር ቤቶች ግን ከዚያ ወዲህ እጃቸውን ወደ ማዕከላዊ መንግሥት ዘርግተው የሚኖሩ ሆኑ። ኢኮኖሚው ሲያድግ ችግሩ አልታየም። የቤት ዋጋ ወድቆ ባንኮቹ ሲንኮታኮቱ፣ አገሪቱ በ2010 ከአውሮፓ ኅብረትና ከአይኤምኤፍ ጋር 85 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ የማዳኛ ፕሮግራም ተፈራረመች። አብረው ከመጡት ግዴታዎች መካከል የቤት ግብርና የውሃ ክፍያ ነበሩበት።

የመጀመሪያው ሙከራ በ2012 ነበር። ለእያንዳንዱ ቤት 100 ዩሮ ተባለ። የባሕር ዳርቻ ቪላ ያለውም፣ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ያለችውም እኩል 100። ሰብሳቢዎቹ የአካባቢ ምክር ቤቶቹ ሆኑ፤ እነሱ ደግሞ የቤት ባለቤቶችን ሙሉ ዝርዝር እንኳ በእጃቸው አልያዙም። የመክፈያው ቀን ማርች 31 ሲያልፍ የተመዘገበው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር።

በ2013 መንግሥት ሦስት ነገር ቀየረ። አንደኛ፣ አሰባሰቡን ለገቢዎች መሥሪያ ቤት ሰጠ። ይህ መሥሪያ ቤት የሰውን ደመወዝም ጡረታም ያውቃል፤ ካልከፈልክ ከምንጩ ይቆርጣል፤ ግብሩ ሳይጣራ ደግሞ ቤት መሸጥ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ግብሩ የቤቱን ዋጋ ተከተለ። ምጣኔው ከዋጋው 0.18 በመቶ ሆነ። ባለቤቱ ራሱ ገምቶ ያሳውቃል፤ ዋጋው በእርከን ነው የሚመደበው፤ ከ150 ሺህ እስከ 200 ሺህ ዩሮ ባለው እርከን ውስጥ ያለ ቤት ያኔ በዓመት 315 ዩሮ ይከፍል ነበር። ሦስተኛው የእርስዎ ጉዳይ ነው፦ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ክፍያውን ማቆየት ይችላል። መጀመሪያ ላይ በወጣው ልክ፣ ብቻውን የሚኖርና ዓመታዊ ገቢው ከ15 ሺህ ዩሮ የማይበልጥ፣ ወይም ባልና ሚስት ሆነው ከ25 ሺህ የማይበልጥ፣ «አሁን አልችልም» ብሎ ያመለክት ነበር። ግብሩ አይሰረዝለትም። መጀመሪያ ላይ በዓመት 4 በመቶ ወለድ እየታሰበበት ቤቱ ሲሸጥ ወይም ባለቤቱ ሲያልፍ ከቤቱ ይከፈላል። አዛውንቷ ከቤታቸው አይነሱም፤ ከጡረታቸውም አይነካባቸውም።

ብዙ ማጉረምረም ነበር። ግን ከአሥር ባለቤቶች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ከፈሉ። የ2012ቱን 100 ዩሮ ያልከፈሉትም አልቀረላቸውም፤ ዕዳው 200 ዩሮ ሆኖ ከአዲሱ ግብር ጋር ተደመረባቸው። በእድሩ «አንክፈል» ለሚሉት ይህችን ይንገሩልኝ።

የውሃው ነገር በተቃራኒው ሄደ። በ2013 አንድ አገር አቀፍ የውሃ ድርጅት ተቋቋመ። ገና ለሰው ጠብታ ሳይሸጥ፣ በመጀመሪያው ዓመት ለአማካሪዎች 50 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ማውጣቱ ተሰማ። ከዚያ ደንበኛው ሁሉ የግል መለያ ቁጥሩን እንዲሰጥ ተጠየቀ። ከ8 መቶ ሺህ በላይ ቆጣሪዎች በየቤቱ ደጃፍ ተቀበሩ፤ አንዳንድ ሰፈር ሰው ጉድጓዱ ላይ ቆሞ አላስቆፍርም አለ። ታሪፉ ለ1 ሺህ ሊትር 4.88 ዩሮ ነው ተባለ። ሰዉ በ2014 መኸር ደብሊንን ሲያጥለቀልቃት ታሪፉ ተትቶ ጣሪያ ተበጀለት፤ አንድ አዋቂ ብቻ ላለበት ቤት በዓመት 160፣ ለሌላው 260 ዩሮ። በዚያ ላይ የ100 ዩሮ ድጎማ ተጨመረ። በአንድ እጅ ተቀብሎ በሌላው መመለስ ማለት ነው። በ2016 ክፍያው ታገደ፤ በ2017 በሕግ ቀረ፤ የከፈሉትም ገንዘባቸው ተመለሰላቸው።

ሰዉን ያስቆጣው ብሩ ብቻ አይመስለኝም። በዚያን ጊዜ ከተጣራው ውሃ ግማሽ የሚጠጋው ገና ቤት ሳይደርስ በአሮጌ ቱቦ ውስጥ ይጠፋ ነበር። ጎልዌይ ከተማ በ2007 ቧንቧው ውስጥ ጥገኛ ተሕዋስ ተገኝቶ ሕዝቡ ወራት ሙሉ ውሃ እያፈላ ኖሯል። ለእንዲህ ዓይነት አገልግሎት አዲስ ቢል ሲመጣ፣ ያውም በደሞዝ ቅነሳ ዘመን፣ ሰው ምን ይላል? «መጀመሪያ ቱቦውን ጠግኑ» ይላል። እኔም እዚያ ብሆን ይህንኑ እል ነበር።

ግን ውሃው ነፃ አልሆነም። ከጠቅላላው ግብር ይከፈላል። የውሃው ድርጅት በየዓመቱ በጀት ሲጠይቅ ከሆስፒታሉና ከትምህርት ቤቱ ጋር ተሰልፎ ነው። የንግድ ቤቶችም ቢል ይከፍላሉ። በየገጠሩ የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ወጪውን በራሱ የሚችል ቤተሰብ ደግሞ ለራሱም ከፍሎ ለከተሜውም ግብር ይከፍላል።

አሁን ወደ እርስዎ ግቢ እንመለስ።

«መሬቱ የመንግሥት ነው» ያሉት ትክክል ነው፤ ግን ግብሩን አያስቀረውም። ግብር የሚጣለው በመሬቱ የመጠቀም መብት ላይና በላዩ ባለው ቤት ላይ ነው። ይህ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው «የጣሪያና ግድግዳ» እያለ የሚከፍለው ግብር መሠረቱ የ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ነው። እዚያ ላይ ግብሩ የሚሰላው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያወጣል ተብሎ በሚገመተው ኪራይ ነው። ችግሩ ግምቱ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ቆየ። ብር ዋጋ ሲያጣ ግብሩ የታክሲ ሒሳብ መሰለ። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. ግምቱን ስታድስ የብዙ ሰው ድንጋጤ የመጣው ከዚህ ነው። ሃምሳ ዓመት የተኛ ነገር በአንድ ሌሊት ሲነቃ ማንም ይደነግጣል።

በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ይህ ማዕቀፍ ነው። ግብሩን የሚጥሉትና የሚሰበስቡት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው፤ ዝርዝሩም በየራሳቸው ሕግ ነው የሚወጣው። ስለዚህ «ይህን ያህል ልትከፍል ነው» እያለ በቲክቶክ ቁጥር የሚጠራውን ሁሉ አይመኑ። የእርስዎን ሒሳብ የሚወስነው የከተማዎ ደንብ ነው።

«በላቤ ሠርቼው ለምን እከፍላለሁ?» ላሉትም ቅን መልስ አለ። ግድግዳውን የሠሩት እርስዎ ነዎት። ዋጋውን ግን ብቻዎን አልሠሩትም። ቤቱን ሲሠሩ በጭቃ መንገድ ድንጋይ እያስጫኑ ይሆናል የገቡት። ከዚያ አስፋልቱ መጣ፣ የመንገድ መብራቱ መጣ፣ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ያው ብሎኬት፣ ያው ቆርቆሮ በአምስትና በአሥር እጥፍ የሚፈለገው በዚህ ነው። ከዚያ ጭማሪ ጥቂቷን ለመንገዱና ለቆሻሻ ማንሻው መመለስ ፍትሃዊ ነው ብዬ አምናለሁ። ቤት ከሌለው ተከራይ በቫትና በደሞዝ ግብር ከመሰብሰብ ይሻላል።

የርዕሱ ቅሬታ ግን ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው፤ አልከራከርዎትም። ሚሊዮን የሚያወጣ ቤት እንጀራ አይጋግርም። ጡረታ የገበያ ዋጋን ተከትሎ አያድግም። የአየርላንዱ የማቆያ መብት እዚህም እንዲገባ አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው። በእኛ አገር ከምሕረት ይልቅ ማቆየት ይሻላል። ምሕረት ሲኖር ማን ይገባዋል የሚለው በሰው እጅ ይወድቅና ደጅ መጥናት ይመጣል። ማቆያ ግን መስፈርቱ ቁጥር ነው፤ ጡረታዎ ከዚህ በታች ከሆነ ይቆይልዎታል። ከተማውም ገንዘቡን አያጣም፤ ይዘገይበታል እንጂ።

ሌላው ሥጋቴ «የገበያ ዋጋ» የሚለው ቃል ነው። በአዲስ አበባ የገበያ ዋጋን ማን ያውቃል? ውሉ ላይ የሚጻፈውና እጅ ለእጅ የሚሰጠው ብር ስንትና ስንት ጊዜ ይለያያል። እውነተኛ የሽያጭ መረጃ በሌለበት ገማቹ በዓይኑ ይገምታል። በዓይን ግምት ላይ ደግሞ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቤቶች ሁለት ዓይነት ግብር ሲመጣባቸው ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። ስለዚህ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀጠናን፣ የቤቱን ስፋትና የተሠራበትን ዕቃ ይዞ በግልጽ ሠንጠረዥ ማስላት ይሻላል። ሠንጠረዡ ወረዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። እርስዎም ካልኩሌተር ይዘው ራስዎ ሊያሰሉት ይገባል።

የውሃው ክፍያ ከዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም። የቤት ግብር የሰፈር መዋጮ ነው፤ ባለው ልክ ይጣላል። የውሃ ቢል የዕቃ ዋጋ ነው፤ በተጠቀሙት ልክ ይከፈላል። የእኛ ታሪፍ በእርከን ነው። ትንሽ የተጠቀመ በትንሽ ዋጋ፣ ብዙ የተጠቀመ በውድ ዋጋ። ሐሳቡ ድሃውን ለመርዳት ነው። በእርስዎ ግቢ ግን ተገላብጦ ድሃውን ይጎዳል።

እንዲህ ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ 1 ሺህ ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን 50 ጄሪካን። እንበልና አንድ ቤተሰብ በወር 6 ሜትር ኪዩብ ይጠቀማል። ብቻውን ቆጣሪ ቢኖረው ርካሹ እርከን አካባቢ ነው የሚቀመጠው። እናንተ ግን አራት ናችሁ፤ ቆጣሪው 24 ያነባል። ለመሥሪያ ቤቱ የምትታዩት እንደ አንድ ትልቅ ቤት፣ መኪና እንደሚያጥብና አትክልት እንደሚያጠጣ ሀብታም ነው። ስለዚህ ሰርቪስ ውስጥ የምትኖረው እንጀራ ጋጋሪ ለአንድ ጄሪካን የምትከፍለው ብቻውን ቪላ ከያዘው ሰው ሊበልጥ ይችላል። ይህን ስሕተት ከተማው ሊያርመው ይገባል። አንድ ቆጣሪ ላይ አራት ቤተሰብ መኖሩ ከተረጋገጠ እርከኑ በአራት ይባዛ። ከባድ ሒሳብ አይደለም።

ሁለት ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ያድርጉ። ማታ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ሁሉም ሲተኛ ባትሪ ይዘው ቆጣሪው ጋ ይሂዱ። መስታወቱን በጨርቅ ይጥረጉ። መሐል ላይ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን የምትመስል ትንሽ መሽከርከሪያ አለች። እሷ እየዞረች ከሆነ ግቢው ውስጥ የሚያፈስ ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሽንት ቤት ፍላሽ ወይም የሮቶው ተንሳፋፊ ነው። ሁለተኛው አየሩ ነው። ውሃ በፈረቃ ጠፍቶ ሲመለስ ከፊቱ አየር እየገፋ ይመጣል። ቆጣሪው ደግሞ አየርና ውሃ አይለይም፤ ያገኘውን ይዞ ይሮጣል። ውሃ ሲጠፋ ወደ ሮቶው የሚሄደውን መዝጊያ ይዝጉት። ሲመጣ ግፊቱ እስኪረጋ ጠብቀው ቀስ ብለው ይክፈቱት። ሙሉ በሙሉ ባያስቀረውም ይቀንሰዋል።

ተከራዮችዎን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ግብሩ ሲጨምር የመጀመሪያው ሐሳብ ኪራይ ላይ መጫን ነው። ይህ አሁን እንደ ልብ አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ጭማሪ የሚደረገውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው። ደግሞም የቤት ግብርና የኪራይ ገቢ ግብር የተለያዩ ናቸው። አንዱን መክፈልዎ ሌላውን አያስቀርልዎትም።

«አንክፈል» ለሚለው የእድሩ ወገን መልሴ አጭር ነው፦ አትተባበሩት። የአየርላንድ ሕዝብ ውሃውን ያስቀረው ሁሉም ቤት ቢሉን ስለቀደደ ብቻ አይደለም። ጉዳዩ ምርጫ ውስጥ ገባ፣ ፓርላማ ውስጥ ድምፅ አገኘ፣ ሕግ ሆነ። እዚህ ዝም ብሎ ያልከፈለ ሰው የሚያገኘው ቅጣትና ወለድ ነው። ቤቱን ለመሸጥ ወይም ለልጆቹ ስም ለማዛወር ሲሄድም ክሊራንስ ተብሎ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ቀን ይጠየቃል። ያኔ የሚከፍሉት ልጆችዎ ናቸው።

እድሩ ጉልበቱን ሌላ ቦታ ያውለው። ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ ለወረዳውና ለከተማው ምክር ቤት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ለጡረተኛ የክፍያ ማቆያ፣ ለጋራ ቆጣሪ የእርከን ማስተካከያ፣ ከቤት ግብሩ ደግሞ የተቆረጠ ድርሻ በዚያው ወረዳ ውስጥ እንዲውልና ምን እንደተሠራበት በየዓመቱ እንዲለጠፍ። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል። አየርላንድ ውስጥ የቤት ግብሩን እንዲዘልቅ ከረዱት ነገሮች አንዱ ገንዘቡ ለአካባቢው መባሉ ነው፤ ምክር ቤቶቹ ራሳቸው ምጣኔውን በተወሰነ መጠን ዝቅ ወይም ከፍ እንዲያደርጉም መብት ተሰጥቷቸዋል። ሰው የሚከፍለው ብር የት እንደወደቀ ካየ፣ ያ የተቆፈረ የሰፈር መንገድ ሲደፈን ካየ፣ ቢያጉረመርምም ይከፍላል።

ልክ መጠበቅ ያለበት ነገርም አለ። የቤት ግብር ምንም ቢሻሻል ብቻውን ግድብ አይሠራም፤ ለትልቁ የውሃ ግንባታ ሌላ ገንዘብ ያስፈልጋል። በየዓመቱ የሚያስፈልገውን የመንገድ ጥገናና የጽዳት ወጪ ቢሸፍን ትልቅ ነገር ነው። የውሃ ታሪፉም ከፍ ከመደረጉ በፊት በየመንገዱ የሚፈሰው ቱቦ መጠገን አለበት። ጠዋት አስፋልት ላይ ሲንዠቀዠቅ ያየሁትን ውሃ ዋጋ ማታ በቢሌ ላይ ብከፍል እኔም ደስ አይለኝም።

ለእርስዎ በግል የምመክረው ይህን ነው። የግብር ማሳወቂያው እጅዎ ሲገባ ከካርታዎ ጋር አስተያዩት፦ የቦታው ስፋት፣ የቤቱ ስፋት፣ የቤቱ ደረጃ፣ አገልግሎቱ መኖሪያ ነው ወይስ ንግድ የሚለው። የኔ ልምድ የሚያሳየኝ ስሕተቱ ብዙ ጊዜ እዚህ እንደሚገኝ ነው፤ ሰርቪሱ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ወይም የጭቃ ቤት በብሎኬት ተመዝግቦ። ስሕተት ካለ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የአቤቱታው ጊዜ አጭር ስለሆነ በቃል ተነጋግረው አይመለሱ፤ ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ስሕተት ከሌለ ይክፈሉ፤ አንዴ መክፈል የሚከብድ ከሆነ ክፍያው እንዲከፋፈልልዎ ይጠይቁ። ደረሰኙን ከካርታው ጋር በአንድ ፌስታል ያስቀምጡት፤ የት እንዳለም ለአንዱ ልጅዎ ይንገሩት።

ውሃውን ደግሞ ለተከራዮቹ ለየብቻ ቆጣሪ እንዲገባ ያመልክቱ። እስኪፈቀድ ድረስ ከዋናው ቆጣሪ በኋላ ለእያንዳንዱ ቤት ትንሽ የውስጥ ቆጣሪ ያስገቡ። ያን ጊዜ ቢሉ በጭንቅላት ቁጥር መከፋፈሉ ይቀራል፤ በወሩ መጨረሻም አራታችሁ ቆጣሪው ጋ ቆማችሁ ቁጥሩን አብራችሁ ታነባላችሁ።